«አይስማማኝም» አይበቃም፦ የምግብ አለርጂ ይዞ ወደ ሩሲያ ለሚጓዝ ሰው የአሠራር መመሪያ

ሴንት ፒተርስበርግ፣ የጥር ብርድ። ከውርጩ ሸሽቼ የገባሁባት ምግብ ቤት ትንሽና ሞቃት ነበረች። የቀይ ሥር ሰላጣ አዘዝሁ። ኦቾሎኒ ከልጅነቴ ጀምሮ የማልደፍረው ነገር ስለሆነ አስተናጋጇን «አራኺስ አለበት?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አራኺስ በሩሲያኛ ኦቾሎኒ ነው። «የለበትም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሁለተኛውን ማንኪያ እንደዋጥሁ ግን ከንፈሬ ማበጥ፣ ጉሮሮዬም መከርከር ጀመረ። ሰላጣው ከነጭ ሽንኩርትና ከማዮኔዝ ጋር ዋልነት የተባለ የለውዝ ዓይነት ተከትፎ ገብቶበታል፤ በሩሲያ ቤት ይህ እጅግ የተለመደ አሠራር ነው። ዋልነት እንደማይሆነኝ ያወቅሁት ያን ምሽት ነው። በጊዜ ስላቆምሁና መድኃኒቴ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ነገሩ በዚያው በረደ። አስተናጋጇ የተጠየቀችውን መልሳለች፤ ጎደሎው ጥያቄዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሩሲያ ለሚሄድ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ የምነግረውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የምጽፈው። የሩሲያ ገበታ ሰፊና ለጋስ ነው፤ በፍርሃት ተቆልፎ ሆቴል ውስጥ ብስኩት መብላት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አስቀድሞ መዘጋጀትና ትክክለኛውን ቃል ለትክክለኛው ሰው መናገር ነው።

1. ከመነሣትዎ በፊት «አይስማማኝም» የሚለውን ቃል ይፍቱት

እኛ «አይስማማኝም» ስንል ብዙ ነገር እንጠቀልላለን። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋውም፣ ዓሣ ሲሸተው የሚያቅለሸልሸውም፣ እንቁላል በልቶ ትንፋሽ የሚያጥረውም እኩል «አይስማማኝም» ይላል። አገር ቤት ሰሚው ከድምፃችንና ከፊታችን ይረዳል። ሩሲያ ውስጥ በተሰበረ ቋንቋ «አይስማማኝም» ያለ ሰው ግን ምግቡን የናቀ መስሎ ይታያል፤ ወይም «ትንሽ ብቻ ቅመስ» ይባላል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ይውሰዱና በሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ክፍል እውነተኛ አለርጂዎን ይጻፉ፦ የሰውነት መከላከያ ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚነሣበት፣ በጥቂቱም ሕይወትን ሊያሰጋ የሚችለው ማለት ነው። በሁለተኛው ሆድዎ የማይችለውን ያስፍሩ፤ ለምሳሌ የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ መፍጨት አለመቻል። ይህ ያሠቃያል፣ ግን አይገድልም፤ መጠኑም ወሳኝ ነው። በሦስተኛው የማይወዱትንና በሃይማኖት የማይበሉትን ይጻፉ። እያንዳንዱ ክፍል በሩሲያኛ የራሱ አነጋገር አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ስንዴን ከነዘመዶቹ በሐኪም ትእዛዝ የተዉ የሴሊያክ ሕሙማን ራሳቸውን ከመጀመሪያው ክፍል ይቁጠሩ።

የማይወዱትን ነገር «አለርጂ አለብኝ» ብለው ማለፍ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። እባክዎ አያድርጉት። «አለርጂ ነኝ» ብሎ ኬክ ሲመጣ የሚረሳ እንግዳ ያየች አስተናጋጅ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ በሽተኛ አታምነውም።

2. ሐኪምና መድኃኒት

ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙውን ጊዜ ብዕር የመሰለውን የአድሬናሊን መርፌ በሐኪም ትእዛዝ ያገኛሉ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት ይያዙ። እዚያ ደርሼ ከፋርማሲ እገዛለሁ ብሎ መመካት አይገባም። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ደግሞ ምን ማግኘት እንደሚችልና እንዴት እንደሚጠቀምበት ከሐኪሙ ጋር በጊዜ ይጨርስ።

መድኃኒቱ ሁሉ በመጀመሪያው ማሸጊያው፣ ስምዎ ካለበት የሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ አይክተቱት። በብርድ ወራት ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አድሬናሊን መቀዝቀዝ፣ ይልቁንም መርጋት የለበትም። ሳይቤሪያ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ያለ መርፌ ይበላሻል። ከካፖርቱ በታች፣ ከሰውነትዎ ጋር በተጠጋ ኪስ ይያዙት።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ልናገር። ከሩሲያ ውጭ የወጡ ቪዛና ማስተርካርድ ካርዶች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ እዚያ አይሠሩም። ለፋርማሲና ለግል ክሊኒክ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ ኪስዎ ውስጥ ይኑር።

3. ካርዱን ያዘጋጁ

በሩሲያኛ ፊደል የተጻፈ፣ የመታወቂያ ደብተር የሚያህል ካርድ ከማንኛውም የስልክ መተርጎሚያ ይበልጣል። የስልክ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ሰዓት ወረቀቱ አይቋረጥም። ሩሲያኛ የተማረ ሰው በመካከላችን አይጠፋም፤ በሶቪየት ዘመን እዚያ የተማሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ብዙ ናቸው፣ ዛሬም ሞስኮ በሚገኘው፣ በ1960 በተመሠረተው የፓትሪስ ሉሙምባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ተማሪዎች ይማራሉ። ከእነሱ አንዱን አስጽፈው በሌላ ሰው ያስነብቡት። «ምን ይላል?» ብለው ወደ አማርኛ መልሰው ያስተርጉሙት፤ ስሕተት ካለ ያን ጊዜ ይወጣል።

ካርዱ አራት ነገር በአጭሩ ይበል፦ ምን እንደማይበሉ፣ በጥቂቱም አደገኛ መሆኑን፣ በዚያው ዘይት፣ በዚያው መጥበሻና በዚያው ቢላ የተሠራም እንደማይሆን፣ ከታመሙም ወደ 112 እንዲደወልልዎ። በቃል የሚሉት ደግሞ «ኡ ሚንያ አሌርጊያ ና...» ነው፤ «...አለርጂ አለብኝ» ማለት ነው። ቀጥሎ የምግቡን ስም ያክሉ፦ ማላኮ ወተት፣ ያይትሳ እንቁላል፣ ሪባ ዓሣ፣ ክሪቬትኪ ሽሪምፕ፣ ኩንዡት ሰሊጥ፣ ሶያ አኩሪ አተር፣ ጋርቺትሳ ሰናፍጭ፣ ፕሺኒትሳ ስንዴ። መጨረሻ ላይ «ኤታ አፓስና» ይበሉ፤ «አደገኛ ነው» ማለት ነው። ይህች ሁለት ቃል የሰውን ፊት ስትለውጥ አይቻለሁ።

የለውዝ ነገር ለብቻው ይታይ። በአማርኛ ለውዝና ኦቾሎኒ ሲምታቱ የኖሩ ስሞች ናቸው፤ ዋልነትና ሐዝልነት ደግሞ የቤታችን ምግቦች ስላልሆኑ የረባ ስም እንኳ የላቸውም። በሩሲያኛ ግን እያንዳንዱ ስም አለው፦ ግሬትስኪ አሬኽ ዋልነት፣ ፉንዱክ ሐዝልነት፣ ሚንዳል አልመንድ የሚባለው ለውዝ፣ ኬድሮቪ አሬኽ ከሳይቤሪያ ዛፎች የሚለቀመው ትንሹ ፍሬ። አሬኺ የሚለው የጅምላ ስማቸው ነው። ለሁሉም አለርጂ ከሆኑ «አሬኺ» እና «አራኺስ» የሚሉትን ሁለቱንም ካርዱ ላይ ያጽፉ። አንዱን ብቻ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከላይ ነግሬያለሁ።

4. የታሸገ ምግብ ላይ ማንበብ የሚገባዎ

ሩሲያኛ ማንበብ ባይችሉም ጥቂት ቃላትን በመልካቸው መለየት ይቻላል። የምግቡ ይዘት የሚዘረዘርበት ክፍል «ሳስታፍ» ይባላል። በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ ግን እንግሊዝኛ ለለመደ ዐይን ሲ፣ ኦ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቢ ተደርድረው የቆሙ ይመስላል። ይህን መልክ ሲያዩ ማንበብ ይጀምሩ። አሬኽ የሚለው ቃል ደግሞ በትልልቁ ሲጻፍ ቁርጥ ኦ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤክስ ነው። አራኺስ ኤ፣ ፒ፣ ኤ፣ ኤክስ ብሎ ይጀምራል። እንቁላል ወደ ኋላ በዞረ የእንግሊዝኛ አር ይጀምራል። ሌሎቹን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ከካርድዎ ጋር ያነጻጽሩ።

ሩሲያ፣ ቤላሩስ፣ ካዛክስታን፣ አርሜንያና ኪርጊዝስታን በጋራ የሚሠሩበት የምግብ ማሸጊያ ደንብ አለ፤ 15 የአለርጂ መንሥኤዎችን ይዘረዝራል። ከእነሱ መካከል ኦቾሎኒ፣ ለውዝ ዘር ሁሉ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ሰናፍጭ፣ ሴለሪ፣ ግሉተን (በስንዴና በዘመዶቹ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ያላቸው እህሎችና ሉፒን ይገኛሉ። የእኛ ግብጦም ራሱ የሉፒን ዓይነት ነው፤ ኦቾሎኒ የማይሆነው ሰው ለሉፒንም ሊነሣበት ስለሚችል ልብ ይበሉ። «ስሊዲ» የሚል ቃል ካዩ «ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» ማለት ነው፤ ጽኑ አለርጂ ያለበት ሰው ይተወው። ይህ ሁሉ ግን ለታሸገው ነው። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ፒሮዥኪ (ውስጡ የተሞላ ትንሽ ዳቦ)፣ በገበያ በኪሎ የሚመዘን ብስኩትና ሐልቫ ወረቀት የላቸውም።

5. ገበታውን ይወቁት

መመሪያው ሁሉ በዚህ ክፍል ላይ ይቆማል፤ ምግቡን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው አይጎድልበትም።

ከወተት እንጀምር። ስሜታና የሚባለው ወፍራም የኮመጠጠ ክሬም በሾርባ ላይ፣ በፔልሜኒ (በሊጥ ተጠቅልሎ በሚቀቀል ሥጋ) ላይ፣ በብሊኒ (በስስ ቂጣ) ላይ፣ በሰላጣ ላይ ሳይጠየቅ ይደፋል። ዩክሬናውያን የራሳቸው የሚሉት፣ ከሩሲያም ገበታ የማይጠፋው ቦርሽ፣ የጎመኑ ሾርባ ሺ፣ ሁለቱም ስሜታና መሐላቸው ላይ ተቀምጦላቸው ይመጣሉ። «ቤስ ስሜታኒ»፣ ያለ ስሜታና፣ ማለት ያስፈልጋል፤ ማንሣት ብቻ ለአለርጂ አይበቃም፣ ሳህኑ ይለወጥ። ካሻ፣ ማለትም የጠዋቱ ገንፎ መሰል ምግብ፣ በሆቴል አብዛኛውን ጊዜ በወተት ይቀቀላል፤ «ና ቫዴ» ካሉ በውሃ የተሠራውን ይጠይቃሉ። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «ማስላ» የሚለው ቃል ነው። ቅቤም ማስላ ነው፣ ዘይትም ማስላ ነው! ቅቤው ስሊቫችናዬ ማስላ፣ የሱፍ አበባ ዘይቱ ፓትሶልኔችናዬ ማስላ ይባላል። «በማስላ ነው የተጠበሰው» ከተባሉ «በየትኛው?» ሳይሉ አይብሉ።

እንቁላል የማይነኩ ሰዎች ማዮኔዝን ይጠርጥሩ። ኦሊቪዬ የተባለው ሰላጣ ድንች፣ ካሮት፣ አተር፣ ኮምጣጣ ኪያር፣ ሥጋ ወይም ቋሊማ፣ እንቁላልና ማዮኔዝ ነው። «ባለ ካፖርቷ ሄሪንግ» የምትባለው ጨዋማ ዓሣ በድንች፣ በካሮት፣ በቀይ ሥርና በማዮኔዝ ተሸፍና ትቀርባለች፤ ከላይ ሲያዩአት ሐምራዊ የአትክልት ኬክ ትመስላለች፣ ዓሣዋ ከሥር ተደብቃለች። የፔልሜኒ ሊጥ፣ ብሊኒ፣ ከአይብ የሚጠበሰው ሲርኒኪ፣ ኮትሌት ሁሉም እንቁላል አላቸው። ኮትሌቱ በተጨማሪ በወተት የራሰ ዳቦ ይገባበታል፤ ሥጋ ብቻ ነው ብሎ የሚበላ የስንዴና የወተት አለርጂተኛ ይታመማል። ዜፊር የሚባለው እንደ ደመና የሚለሰልስ ጣፋጭም ከተፈጨ ፖምና ከእንቁላል ነጭ ይሠራል። የጎመን ፒሮዥኪ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል መቀላቀል የቆየ ልማድ ነው።

ለሦስቱም፣ ማለትም ለወተት፣ ለእንቁላልና ለለውዝ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ የሚያድነኝን ልናገር፦ ቪኒግሬት። የተቀቀለ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ኮምጣጣ ኪያር ወይም የኮመጠጠ ጎመን በሱፍ አበባ ዘይት የተለወሰ ነው። አልፎ አልፎ ሄሪንግ ይጨምሩበታልና «ሪባ አለበት?» ብሎ መጠየቅ አይቅር። ከዚህ ሌላ የተቀቀለ ግሬችካ አለ። ግሬችካ በእንግሊዝኛ ስሙ (ባክዊት) ከስንዴ ጋር ቢያያዝም ስንዴ አይደለም፤ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፣ ከጤፍ ለራቀ የሴሊያክ ሕመምተኛም መጽናኛ ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት ቀምሰነው ስለማናውቅ፣ ግሬችካም ራሱ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሉ በትንሹ ይጀምሩ።

ስንዴን የተዉ ሰዎች ከዳቦው አልፈው መጠጡንም ይዩ። ክቫስ የጠላ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከደረቀ ጥቁር ዳቦ ተጠንስሶ ይጠጣል፤ ጥቁሩ ዳቦ ደግሞ ግሉተን ካለው ራይ ከተባለ እህል ይጋገራል። በበጋ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ሾርባ ኦክሮሽካም በክቫስ ወይም ኬፊር በተባለው የኮመጠጠ የወተት መጠጥ ይሠራል። ቋሊማና «የሸርጣን ዘንግ» ብለው የሚሸጡት ቀይና ነጭ ምግብም በሥጋና በዓሣ ብቻ አይሠሩም፤ ስታርች፣ እንቁላል ነጭና አኩሪ አተር ሊኖራቸው ይችላል። ዘንጉ በስሙ ሸርጣን ይባል እንጂ የተሠራው ከተፈጨ ዓሣ ነው።

ዋልነትን የሚፈሩ ሰዎች የጆርጂያን ምግብ ቤቶች ይጠንቀቁ። በሩሲያ ከተሞች ሁሉ አሉ፣ ምግባቸውም ድንቅ ነው፤ ግን ዋልነት ለእነሱ ለእኛ ሽሮ እንደሚሆነው ነው። ሳትሲቪ የተባለው የዶሮ ምግብ፣ ፕኻሊ የተባለው የአትክልት ኳስ፣ የተጠቀለለው ደበርጃን፣ ሁሉም የዋልነት ማባያ አላቸው። አዋዜ የሚመስለው አጂካ እንኳ ዋልነት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ በናፍቆት ዘለው አይንከሩበት።

አንድ ቃል ደግሞ ያሳስታል። «ኢክራ» የዓሣ ዕንቁላል ነው፤ «የደበርጃን ኢክራ»ና «የዱባ ኢክራ» ግን ከአትክልት የተፈጨ ማባያ ናቸው፣ ዓሣ የላቸውም። የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው በሜኑው ላይ ቃሉን ብቻ አይቶ አይፍራ፣ ሳይጠይቅም አይድፈር።

6. የጾም ሜኑን ይጠቀሙበት

የተዋሕዶ ልጆች የሆንን እዚህ ላይ ከሌላው ጎብኚ የምንቀድምበት ነገር አለ። ሩሲያውያን ኦርቶዶክሶችም እንደ እኛ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ገናም ለሁለታችንም ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ምግብ ቤቶች በጾም ወራት «ፖስናዬ ሚኑ» የሚባል የጾም ሜኑ ያወጣሉ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። ለወተትና ለእንቁላል አለርጂተኛ ይህ ገጽ ስጦታ ነው። በሱፐርማርኬትም «ፖስኒ» የተጻፈበት ማዮኔዝ ያለ እንቁላል የተሠራ ነው፤ ሳስታፉን ግን አሁንም ያንብቡ።

ሆኖም ጾም ለሃይማኖት እንጂ ለአለርጂ አልተሠራም። ወተቱን የሚተካው ለውዝ፣ ማርና አኩሪ አተር ነው፤ ሽሪምፕም በጾም ሜኑ ላይ ሊገኝ ይችላል። ወጥ ቤቱም አንድ ነው፣ የቅቤው መጥበሻ የጾሙንም ሊጠብስ ይችላል። ካርዱን ያሳዩ።

ቀኑን ደግሞ ይቁጠሩ። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የእነሱ 48 ስለሆነ፣ ፋሲካ አንድ ቀን ሲውል የእኛ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ዘወረደ፣ የእነሱ የቅቤ ሳምንት ይሆናል። ማስሌኒትሳ ይሉታል። እኛ ጾም ገብተን እነሱ ብሊኒ በቅቤ፣ በስሜታናና በእንቁላል ይጋግራሉ፤ በየአደባባዩ ይሸታል፣ በየቤቱ ይጋበዛል። የወተት ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው ከዓመቱ ሁሉ በጣም ሊጠነቀቅ የሚገባው በዚህ ሳምንት ነው።

7. ምግብ ቤት ውስጥ ሲያዝዙ

ጥድፊያ ባልበዛበት ሰዓት ይግቡ። ሜኑውን ከመክፈትዎ በፊት ካርዱን ይስጡና «ለወጥ ሠሪው ያሳዩልኝ» በሚል ምልክት ወደ ወጥ ቤቱ ይጠቁሙ። አስተናጋጁ እዚያው ቆሞ «የለበትም፣ የለበትም» ካለ አልሄደም ማለት ነው፤ ካርዱ ሄዶ ይመለስ። ቀላል ምግብ ይዘዙ፦ የተጠበሰ ሥጋ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ያልተለወሰ ሰላጣ። ማባያ በበዛበት ሳህን ውስጥ ማንም ሰው የገባውን ሁሉ አያስታውስም። ሲመጣልዎ እንደገና «ዝዴስ ዬስት አሬኺ?»፣ እዚህ ለውዝ አለ? ብለው ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስታሎቫያ የሚባሉት ትሪ ይዘው የሚያልፉባቸው ርካሽ ገበታዎች ጠባያቸው ሁለት ነው። ለማይወዱት ነገር ከእነሱ የተሻለ ቦታ የለም፤ ምግቡን በዐይንዎ አይተው፣ በጣትዎ ጠቁመው ይወስዳሉ። ለጽኑ አለርጂ ግን አልመክራቸውም። የቀይ ሥር ሰላጣውን የቀዳው ጭልፋ ቪኒግሬቱ ውስጥ ገብቶ ሲያድር አይቻለሁ።

አሳማ የማይበሉ ሰዎች «ስቪኒና» የሚለውን ቃል ይያዙ። ፔልሜኒ በተለምዶ የበሬና የአሳማ ሥጋ ቅልቅል ነው፤ «ጋቭያዲና» የበሬ ሥጋ ብቻ ያለበትን ይጠይቁ። ቦርሽም በአሳማ ስብ ሊቁላላ ይችላል። የኡዝቤክና የታታር ምግብ ቤቶች ዕረፍት ይሰጣሉ፤ «ኻልያል» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ።

8. ቤት ሲጋበዙ

ይህ ከምግብ ቤቱ ይከብዳል፤ ሩሲያዊት የቤት እመቤት እንደ እኛ እናቶች ናት። ሳህንዎ ባዶ ሲሆን ትሞላለች፣ እምቢ ሲሏት ታዝናለች። «በሞቴ» የሚል ቃል ባይኖራቸውም ዐይናቸው ይለዋል። ስለዚህ ከግብዣው ቀን በፊት ይንገሩ። በደወሉልዎ ሰዓት «እመጣለሁ፤ ግን እንቁላል ለሕይወቴ አደገኛ ነው፤ ቪኒግሬት ብቻ ይበቃኛል» ማለት የቤት እመቤቷን አያሳፍርም። ማዕድ ላይ ተቀምጠው መናገር ግን ያሳፍራታል፤ አብስላ ጨርሳለችና።

ሁለት አነጋገር ይለዩ። «ምኔ ኒልዝያ» ማለት «አልተፈቀደልኝም፣ ክልክል ነው» ነው፤ ለአለርጂ፣ ለጾም፣ ለሐኪም ትእዛዝ ይሆናል። ይህን ያለ ሰው አይለመንም። «ያ ኒ ሉብሉ» ደግሞ «አልወድም» ነው፤ ይህን ያለ ሰው «የእኔን ግን ቅመሺው!» ይባላል። «አይስማማኝም»ን ለሁለት ሰንጥቀው ቦታ ቦታውን ያስይዙት። አለርጂዎን ግን «ጾም ነኝ» ብለው አይሸፍኑት። ጾመኛ ነው የተባለ እንግዳ የሚቀርብለት ማርና ለውዝ ነው።

ሲሄዱ አበባ ይያዙ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ ሙሉ ቁጥር ለቀብር ነውና። መጠጥ ሲቀዳ ልብ ይበሉ፦ አልኮል አለርጂን ያፋጥናል፣ የሚያደነዝዙ የአለርጂ ኪኒኖችም ከእሱ ጋር አይሄዱም።

9. ለማይወዱት ነገር

እዚህ ላይ ነፍስ የለችበትም፤ ዘና ይበሉ። አበሻን መጀመሪያ የሚያስቸግረው ኡክሮፕ ነው፤ የእንስላል ዘመድ፣ ቅጠሉም እሱን የሚመስል። ሾርባው ላይ፣ ድንቹ ላይ፣ ዓሣው ላይ ይነሰነሳል። «ቤዝ ኡክሮፓ» ይበሉ። ያለ ማዮኔዝ «ቤዝ ማያኔዛ»፣ ያለ ሽንኩርት «ቤዝ ሉካ» ነው። ሆሎዴትስ የተባለው የረጋ የሥጋ መረቅ ቀዝቅዞ ሲንቀጠቀጥ አይቶ የማይሸሽ ጥቂት ነው፤ ግን ኽሬን በተባለው የሚያቃጥል ሥርና በሩሲያ ሰናፍጭ ይቅመሱት። የእነሱ ሰናፍጭ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፣ በርበሬ ለናፈቀው ሰው ደስ ይላል። ምግቡ አልጫ ከሆነብዎ ከቤት የያዙትን ሚጥሚጣ ሲያወጡ ማንም አይቀየምም። ላክቶስ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ኬፊርን ከወተት ይልቅ ሆድዎ ሊቀበለው ይችላል፤ ትንሽ ጠጥተው ይሞክሩት። የወተት አለርጂ ካለብዎ ግን ኬፊርም ወተት ነው።

10. ባቡር ላይ

ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ለሰዓታት ሐኪም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ባቡር ላይ አዲስ ምግብ አይሞከርም። በየፉርጎው ሁልጊዜ የፈላ ውሃ አለ፤ አጃ፣ ሻይ፣ የደረቀ ሾርባ፣ የራስዎን ኩባያ ይዘው ይግቡ። በሶም ይሆናል፤ ገብስ መሆኑን ግን የሴሊያክ ሰው አይርሳ።

11. ከተነሣብዎ

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከሻከረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ካዞረዎ ወይም ከሽፍታ ጋር ደጋግሞ ካስታወከዎ አይጠብቁ። አድሬናሊኑን በጭኑ ውጫዊ መሐል ይውጉ፤ በሱሪ ላይም ይወጋል። የአለርጂ ኪኒን ሽፍታን ያስታግሣል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም፤ መርፌውን ለእሱ ብለው አያዘግዩ። በጀርባዎ ተጋድመው እግርዎን ከፍ ያድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተዎ ይቀመጡ። ተነሥተው አይሂዱ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ሁለተኛው መርፌ ይደገማል።

ወደ 112 ወይም በቀጥታ ወደ አምቡላንስ 103 ይደወል። አጠገብዎ ላለ ሰው «ቪዛቪቴ ስኮሩዩ!» ብለው ይጩኹ፤ አምቡላንስ ጥሩ ማለት ነው። ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ሲሆን የውጭ አገር ሰውም ያለ ክፍያ ይታከማል፤ ገንዘብ ፈርተው አይዘግዩ። ያሉበትን አድራሻ የምግብ ቤቱ ሰው ይንገር።

ሕመሙ በረድ ቢልም ሆስፒታል ሄደው ጥቂት ሰዓታት ይቆዩ፤ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ካርዱን፣ የሐኪም ደብዳቤውን፣ የተወጉበትን መርፌ ባዶውንና የተወጉበትን ሰዓት ለሐኪሙ ይስጡ። የምግቡን ማሸጊያ ወይም የሜኑውን ፎቶም ይያዙ፤ በሽተኛው መናገር ባይችል እንኳ ወረቀቱ ይናገርለታል።